ገበያው ሲወርድ የሚተርፈውን ኩባንያ ፈልጉ

አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ የአክሲዮን ገበያ በወረደ ቁጥር በየቴሌግራሙ አንድ ዓይነት ምክር ይናፈሳል፤ «ሁሉም ረክሷል፣ አሁን ግዙ» ይባላል። ጊዜው እውነትም የመግዣ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን 80 በመቶ የወረደ አክሲዮን ሁሉ ርካሽ አይደለም፤ የቀረው 20 በመቶም ተሟጥጦ ዜሮ የሚገባ አለ። ስለዚህ ስለ ዋጋው ከማሰባችሁ በፊት ይህ ኩባንያ ገበያው እስኪያገግም ድረስ ይቆያል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ትንንሽ ኩባንያዎች ከትልልቆቹ ብሰው የሚወድቁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2020 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኮሮና ገበያውን ሲያናውጥ፣ የትልልቆቹ መለኪያ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ 34 በመቶ ገደማ ወረደ። ሁለት ሺህ የሚያህሉ ትንንሽ ኩባንያዎችን የሚከታተለው ራስል 2000 ግን ከ40 በመቶ በላይ ወደቀ። ደንበኞቻቸው ገንዘባችንን መልሱልን ሲሏቸው የኢንቨስትመንት ፈንዶች በእጃቸው ያለውን ለመሸጥ ይገደዳሉ። የትንሽ ኩባንያ አክሲዮን ደግሞ በቀን የሚገዛው ሰው ጥቂት ስለሆነ አንድ ትልቅ ሻጭ ብቻውን ዋጋውን ያወርደዋል። ስለ እነዚህ ኩባንያዎች የሚጽፉ ተንታኞችም ጥቂት ስለሆኑ ጠንካራው ከደካማው ሳይለይ አብሮ ይወርዳል። ዕድላችሁም ያለው እዚህ ላይ ነው። ያው ራስል 2000 በዚያው ዓመት በኖቬምበር ከወረርሽኙ በፊት የነበረበትን ደረጃ አልፎ ሄዷል።

የሚተርፈውን የሚነግራችሁ የኩባንያው ሪፖርት ነው። የአሜሪካ መንግሥት የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ኤድጋር በሚባለው የመረጃ ቋቱ ሁሉንም በነፃ ያቀርባል፤ ዓመታዊው ቴን ኬ፣ የሩብ ዓመቱ ቴን ኪው ይባላል። ከመቶ ገጽ በላይ ነው ብላችሁ አትሽሹ። በቀጥታ ስለ ዕዳ ወደተጻፈው ማስታወሻ ሂዱ። እዚያ ከዕዳው መጠን ይልቅ ወሳኙ የመክፈያው ጊዜ ነው። 200 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ኖሮበት ከስድስት ዓመት በኋላ የሚከፍል ኩባንያ ክፉውን ቀን ሊያሳልፍ ይችላል። በመጪው ዓመት 40 ሚሊዮን መክፈል ያለበት፣ ካዝናው ግን የተራቆተ ኩባንያ፣ ባንኮች እጃቸውን በሰበሰቡበት ወቅት ማን ያበድረዋል? ወለዱ ቋሚ ይሁን ተለዋዋጭም እዩ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ በ2022 ወለድ መጨመር ሲጀምር፣ በተለዋዋጭ ወለድ የተበደሩ ብዙ ትንንሽ ኩባንያዎች ወጪያቸው በአንድ ጊዜ ከብዶባቸዋል።

ቀጥሎ ኦዲተሩ የጻፈውን አንብቡ። ኩባንያው ሥራውን መቀጠል መቻሉ ያጠራጥራል የሚል ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ተዉት። የአክሲዮኑ ብዛት ካለፈው ዓመት ምን ያህል እንደጨመረም አነጻጽሩ፤ አዳዲስ አክሲዮን እየሸጠ ደመወዝ የሚከፍል ኩባንያ የእናንተን ድርሻ እያሳነሰ ነው። ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድን አስታውሱ። ስሙ በየቤቱ የሚታወቅ ሱቅ ነበር፤ ዋጋው ሲወርድ ብዙ ተራ ሰው ረከሰ ብሎ ገዛው። ኩባንያው አዳዲስ አክሲዮን እየሸጠ ጥቂት ከቆየ በኋላ በኤፕሪል 2023 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ፤ አክሲዮኑ በዚያው ዓመት ሲሰረዝ ባለአክሲዮኖቹ ምንም አላገኙም።

መትረፉን ካመናችሁ በኋላ ወደ ዋጋው ግቡ። የታዋቂው ባለሀብት የዋረን ባፌት መምህር የነበረው ቤንጃሚን ግራሃም ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያስተማረው ሒሳብ ዛሬም ይሠራል። ለምሳሌ አንድ ኩባንያ 10 ሚሊዮን አክሲዮን አለው፣ የአንዱም ዋጋ 5 ዶላር ነው እንበል፤ ገበያው ለመላው ኩባንያ የሰጠው ዋጋ 50 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። ጥሬ ገንዘቡ፣ ከደንበኞች የሚሰበስበውና በመጋዘን ያለው ዕቃ ሲደመር 110 ሚሊዮን፣ ዕዳው በሙሉ 30 ሚሊዮን ቢሆን ልዩነቱ 80 ሚሊዮን ነው። ግራሃም የዚህን ሁለት ሦስተኛ ወይም ከዚያ በታች ከፍላችሁ ግዙ ይላል፤ ሁለት ሦስተኛው 53 ሚሊዮን ስለሆነ ይህ ኩባንያ ፈተናውን ያልፋል። እንዲህ ያለ ዋጋ በደኅና ጊዜ እምብዛም አይገኝም፤ በ2008 መጨረሻ ግን ብዙ ነበር። ቢሆንም የመጋዘን ዕቃ በችግር ጊዜ በተጻፈበት ዋጋ አይሸጥም። በየሩብ ዓመቱ 10 ሚሊዮን የሚከስር ከሆነም ያ 80 ሚሊዮን በዓመቱ ግማሽ ይሆናል።

የኩባንያው ኃላፊዎች በራሳቸው ገንዘብ እየገዙ መሆኑንም ተመልከቱ። የገዙትንና የሸጡትን በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ፎርም 4 በሚባል ቅጽ ማሳወቅ ግዴታቸው ስለሆነ፣ ይህም ኤድጋር ላይ ይገኛል።

አጥብቄ የማስጠነቅቃችሁ ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በመስጊድ ግቢ ወይም በቴሌግራም «የእኛ ልጅ ሠርቶበታል» እየተባለ የሚዞር የሳንቲም አክሲዮን (ዋጋው እጅግ ዝቅተኛ የሆነ የትንሽ ኩባንያ አክሲዮን) አትንኩ። አስቀድመው የገዙት ሰዎች ወሬውን የሚነዙት እናንተ ገዝታችሁ ዋጋው ሲወጣ እነሱ ሸጠው እንዲወጡ ነው። በወገን ላይ ያለን እምነት እንዲህ መነገጃ ሲሆን ማየት ያማል።

የምትገዙበት ገንዘብ ቢያንስ አምስት ዓመት የማትፈልጉት ይሁን። የእኛ ኑሮ ደግሞ የተለየ ነው፤ አገር ቤት እናት ስትታመም ወይም ሐዘን ሲደርስ ገንዘብ በዚያው ሳምንት ይፈለጋል። ያን ሳታስቀምጡ አክሲዮን ከገዛችሁ ዋጋው በወደቀበት ቀን ለመሸጥ ትገደዳላችሁ። የዕቁብ መክፈያም በዚህ ውስጥ አይግባ። አሠሪያችሁ ለጡረታ ቁጠባችሁ ተጨማሪ የሚያዋጣላችሁ ከሆነ እሱን ሙሉ በሙሉ ሳትወስዱ ወደዚህ አትምጡ።

ስትገዙ ከዚህ ዋጋ በላይ አልከፍልም የሚል ገደብ ያለው ትእዛዝ ስጡ፤ ገዢና ሻጭ በሚሉት ዋጋ መካከል ሰፊ ክፍተት ስላለ፣ ያለ ገደብ የሰጣችሁት ትእዛዝ ባላሰባችሁት ዋጋ ሊፈጸም ይችላል። ዲሴምበርንም ተከታተሉ፤ ብዙ ሰው ኪሳራውን ለታክስ ለማስመዝገብ የወረዱ አክሲዮኖችን የሚሸጥበት ወር ስለሆነ የትንንሾቹ ዋጋ ይበልጥ ሊጫን ይችላል። የጡረታ ባልሆነ መደበኛ አካውንት ገዝታችሁ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ ይዛችሁ ከሸጣችሁ ትርፉ እንደ ደመወዝ ታክስ ይከፈልበታል፤ ከዓመት በላይ ከቆየ ታክሱ ይቀንሳል።

የሌሊት ፈረቃ እየሠራችሁ ወይም ታክሲ እየነዳችሁ ሪፖርት የምታነቡበት ጊዜ ከሌላችሁ፣ ትንንሽ ኩባንያዎችን በጅምላ የሚይዝ ዝቅተኛ ክፍያ ያለው ኢንዴክስ ፈንድ (እንደ ራስል 2000 ያለ መለኪያን ተከትሎ የሚገዛ ፈንድ) በየወሩ ጥቂት ጥቂት ግዙ። በዚያ መንገድ አንዱ ኩባንያ ቢከስር ከቁጠባችሁ የሚነካው ትንሽ ነው።