የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የባሕር መረጃ ባሕር በሌለበት ክፍል

በዚህ እትም የመረጥናቸው አራት ጥያቄዎች ተመራማሪዎች የለኩትን የባሕር መረጃ ለተማሪ ስለማቅረብ የሚጠይቁ ናቸው። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የ11ኛ ክፍል የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ ባሕር ሙቀትና ጨዋማነት ከመጽሐፍ እያነበብኩ ከማስረዳ እውነተኛ ልኬት ላሳያቸው ብዬ ድረ ገጾቹን ብከፍት ብዛታቸው ግራ አጋባኝ። ተማሪዎቼ ከ50 በላይ ናቸው፤ የሚሠራ ኮምፒውተር ያለን ግን ጥቂት ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መጀመሪያ ነገር፣ ድረ ገጹን ለተማሪዎቹ አይክፈቱላቸው። ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚያስፈልግዎት የሁለት ቦታ ቁጥር ብቻ ነው፤ አንዱ ከቀይ ባሕር፣ ሌላው ከዓረብ ባሕር። ሁለቱንም የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር (ኖኣ) በነጻ ከሚያወጣው «ወርልድ ኦሽን አትላስ» ያገኛሉ። አትላሱ ባለፉት አሥርት ዓመታት የተሰበሰቡ ልኬቶችን ባሕሩን በአንድ ዲግሪ ካሬ ከፋፍሎ በአማካይ ያስቀምጣል።

ሲያወርዱ ዓመታዊውን አማካይ ይምረጡ። ወርሃዊው 1500 ሜትር ላይ ያቆማል፤ ዓመታዊው ግን እስከ 5500 ሜትር በ102 የጥልቀት ደረጃዎች ይወርዳል። የአማካዩን ዓይነት ሲጠይቅዎት «ስታቲስቲካል ሚን» የሚለውን ይተዉና «ኦብጀክቲቭሊ አናላይዝድ ሚን» የሚለውን ይውሰዱ፤ የመጀመሪያው ልኬት ባልተወሰደበት ካሬ ላይ ባዶ ይሆናል። የሙቀቱና የጨዋማነቱ ፋይል ለየብቻ ስለሆነ ሁለቱንም በሲ.ኤስ.ቪ. ያውርዱ። በኤክሴል ሲከፍቱት እያንዳንዱ መስመር በኬክሮስ ይጀምራል፤ ኬንትሮስ ይከተላል፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች የየጥልቀቱ ዋጋ ይመጣል። ለቀይ ባሕር 20.5 እና 38.5፣ ለዓረብ ባሕር 15.5 እና 62.5 የሚለውን መስመር ይፈልጉ። ቅደም ተከተሉን ካገላበጡት፣ ማለትም 38.5ን ኬክሮስ ካደረጉት፣ ግሪክ አጠገብ ሜዲትራኒያን ውስጥ ይገባሉ። እዚያም ውኃው ጨዋማ፣ ታችኛውም ክፍል ለብ ያለ ስለሆነ ቁጥሩን አይቶ ስህተቱን የሚጠረጥር አይኖርም። መስመሩን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ።

ከሁለቱ መስመሮች 0፣ 50፣ 100፣ 150፣ 200፣ 300፣ 400፣ 500፣ 750፣ 1000፣ 1250፣ 1500 እና 2000 ሜትርን መርጠው በአንድ ገጽ ሰንጠረዥ ያትሙ፤ አንድ ገጽ ለአራት ተማሪ ይበቃል። የቀይ ባሕሩ ቁጥር ከዓረብ ባሕሩ ቀድሞ ቢያልቅ ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም፤ ወለሉ ላይ ደርሰዋል።

ግራፉን በካሬ ወረቀት፣ በእጃቸው ያውጡት። ጥልቀት ከላይ ዜሮ ብሎ ወደ ታች ይጨምራል፤ ሙቀቱ ከላይ በአግድም ይጻፋል። ሒሳብ ላይ የለመዱት ዜሮን ከታች ማድረግ ስለሆነ ብዙዎቹ ገልብጠው ይሠሩታል፤ የባሕሩን ወለል ከላይ፣ ፀሐይን ከታች ያደርጋሉ። ሌላው የተለመደ ስህተት በሰንጠረዡ ያሉትን ጥልቀቶች በእኩል ርቀት መደርደር ነው። ከ50 ወደ 100 ያለው ርቀትና ከ1500 ወደ 2000 ያለው አንድ ከሆነ የመስመሩ ቅርጽ ሐሰት ይሆናል። ኤክሴልም «ላይን» የሚባለውን ግራፍ ከመረጡ ይህንኑ ስህተት ይሠራል፤ «ስካተር» የሚለውን ይምረጡ።

ሁለቱ መስመሮች ከወጡ በኋላ አይቸኩሉ። የዓረብ ባሕሩ ሙቀት ከላይ ከ25 ዲግሪ በላይ ጀምሮ እየወረደ 1000 ሜትር ላይ 9 ገደማ፣ 2000 ሜትር ላይ 3 ገደማ ይደርሳል። የቀይ ባሕሩ ግን ከ200 እስከ 300 ሜትር ካለፈ በኋላ 22 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቀጥ ብሎ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ ጨዋማነቱም (በአንድ ኪሎ ግራም ውኃ ያለው የጨው ግራም) 40.5 አካባቢ ላይ ይቆማል። «ለምን?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ሳይሰጡ ሰዓቱን ይጨርሱ። በጣም ጥልቅ ስላልሆነ ነው፣ እሳተ ገሞራ ስላለው ነው፣ በረሃ ስለሆነ ነው የሚሉ መላ ምቶች ይመጣሉ። ሁሉንም ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ «ጥልቅ ስላልሆነ ነው» የሚለውን ራሱ ሰንጠረዡ ያፈርሰዋል።

መልሱ ያለው በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው። ከሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ የባሕሩ ወለል ከፍ ብሎ ደፍ ይሠራል፤ ከደፉ በላይ ያለው ውኃ 137 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ቀዝቃዛ ውኃ ከዚያ በታች ስለሚገኝ ሊያልፍ አይችልም። ቀይ ባሕር በዓመት ሁለት ሜትር ያህል ውኃ በትነት ያጣል፤ ትልቅ ወንዝም አይገባበትም። ስለዚህ ውኃው ይጨውማል፤ በሰሜኑ ጫፍ በብርዱ ወራት (ከታኅሣሥ እስከ የካቲት) ሲቀዘቅዝ ይከብድና ይሰምጣል፤ ጎድጓዳውን የሚሞላው ይኸው ውኃ ነው።

ይህን በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ በገንዳ ማሳየት ይቻላል። ርዝመቱ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ ይፈልጉ፤ መሐሉ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ በፕላስቲሲን ይሥሩ። ዕቃው ደረቅ ሳለ ነው የሚለጠፈው፤ ርጥብ ላይ ከለጠፉት ከሥሩ ያፈስና ሁሉም ነገር ይበላሻል። በክፍሉ ሙቀት ያለ ውኃ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይሙሉ። ግማሽ ሊትር የበረዶ ቅዝቃዜ ያለው ውኃ ላይ የምግብ ቀለምና 5 ግራም ጨው (አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ) ይጨምሩ፤ በአንዱ ወገን የዕቃውን ግድግዳ ተከትሎ ቀስ ብሎ ይፍሰስ። ባለ ቀለሙ ውኃ፣ ማለትም የሕንድ ውቅያኖሱ ምሳሌ፣ ግድቡን ሳይሻገር ከሥር ይተኛል። በችኮላ ካፈሰሱት ይደባለቃል፤ ከግማሽ ሊትር በላይ ከጨመሩም በግድቡ ላይ ሊሻገር ይችላል። ጨው የጨመሩት ልዩነቱ ጎልቶ እንዲታይ መሆኑን ለተማሪዎቹ ይንገሯቸው፤ አለበለዚያ ጨዋማው ባሕር ከውጭ ያለው ይመስላቸዋል።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ አስተባባሪ ነኝ። ልጆቹ ከአርጎ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች የአንዱን መረጃ አውርደው ነበር። ጨዋማነቱ አንዳንዱ ቦታ 99999 ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ልክ ይመስላል ግን ከሌሎቹ ይለያል። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። 99999 «ልኬት የለም» ማለት ነው፤ አማካይ ከማውጣታችሁ በፊት ሰርዙት፤ አንዱ እንኳ ከቀረ አማካዩ እብድ ይሆናል። (የባሕር ከፍታ መረጃ የሚሰበስበው ዓለም አቀፍ አገልግሎት ደግሞ −99999 ይጠቀማል፤ ልማዱ አንድ ነው።)

«ልክ የሚመስለው ግን የሚለየው» የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። አርጎ ወደ 4000 የሚጠጉ ተንሳፋፊዎች አሉት። እያንዳንዱ 1000 ሜትር ላይ ከጅረት ጋር ይንሳፈፋል፤ በየ10 ቀኑ 2000 ሜትር ድረስ ወርዶ እየለካ ይወጣና በሳተላይት ያስተላልፋል። ማንም ሄዶ አይጠግነውም። ዓመታት ሲቆይ የጨዋማነት መለኪያው ሊዛባ ይችላል፤ ሙቀቱ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የጥራት ምልክት አለ፤ 1 ጥሩ ነው፣ 2 ጥሩ ሳይሆን አይቀርም፣ 3 አጠራጣሪ፣ 4 መጥፎ። ለክበብ ሥራ 1ን ብቻ አስቀሩ። የፋይሉንም ስም እዩ። በ«አር» የሚጀምረው በኮምፒውተር ብቻ የተጣራ ጥሬ መረጃ ነው፤ በ«ዲ» የሚጀምረውን ባለሙያ ቁጭ ብሎ አይቶታል፤ ዓመት ያህል ሊዘገይ ይችላል፤ ለትምህርት ግን የሚሻለው እሱ ነው። በዲ ፋይል ውስጥ ደግሞ ስሙ «አድጀስትድ» ብሎ የሚያልቀውን ዓምድ ውሰዱ፤ የታረመው ቁጥር እዚያ ነው። ጥልቀቱ የተጻፈው በዴሲባር (በግፊት መለኪያ) ነው፤ ለእናንተ ሥራ አንዱን ዴሲባር እንደ አንድ ሜትር ብትቆጥሩት ችግር የለም።

አንድ ምክር እንጨምር፦ መጥፎዎቹን ቁጥሮች ከመሰረዛችሁ በፊት ልጆቹ ራሳቸው እንዲገምቱ አድርጉ። ምልክቱን ደብቃችሁ «የትኞቹ ናቸው የማይታመኑት?» በሏቸው፤ ከዚያ አመሳክሩ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ሆነን ስለ ውቅያኖስ ከመማር በጣና ለምን አንማርም?

መልስ፦ ለአለካክ ጣና ጥሩ ነው። የውኃን ግልጽነት የሚለካው 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁርና ነጭ የሴኪ ሳህን፣ ቴርሞ ሜትር በገመድ፣ የናሙና ጠርሙስ፣ ሁሉም ይሠራሉ። ጥልቀትን ግን አያስተምርም። ጣና አማካይ ጥልቀቱ ከ10 ሜትር በታች፣ ከፍተኛው 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋስ ከላይ እስከ ታች ያምሰዋል። የውኃ ንብርብር ማየት ከፈለጉ ወሎ ያለው የሐይቅ ሐይቅ ወይም ሻላ ይሻላሉ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። የ10ኛ ክፍል ልጄ ለሳይንስ ትርዒት ኤል ኒኞና የኢትዮጵያ ክረምት ያላቸውን ግንኙነት በመረጃ ማሳየት ትፈልጋለች። ሠርታ ውጤቱ አልገጠመላትም፤ የ77ቱን ድርቅ ግን በትክክል አግኝቻለሁ ትላለች። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እንዲያውም መጀመሪያ የሚመረመረው «በትክክል የተገኘው» 77 ነው። የኤል ኒኞ መለኪያ ሰንጠረዥ (በምድር ወገብ አካባቢ ያለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ገጽ ሙቀት ከወትሮው በስንት ዲግሪ እንደሚለይ የሚያሳየው) የተጻፈው በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው። ልጅዎ 1977 ላይ ካየች የሰኔ–ነሐሴ ዋጋው 0.4 ገደማ ነው፤ ወደ ዓመቱ መጨረሻም 0.5ን ያልፋል። ኤል ኒኞ ለመባል ደግሞ 0.5ና ከዚያ በላይ ለአምስት ተከታታይ፣ ተደራራቢ የሦስት ወር አማካዮች መቆየት አለበት። ያ ዓመት ደካማ ኤል ኒኞ ነበረው፤ ስለዚህ ስህተቱ እውነት መስሏል። የከሸፈው ክረምት ግን የ1976 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1984። በዚያ ክረምት ኤል ኒኞ አልነበረም፤ ዋጋው ከዜሮ በታች ነው። ይህ ፕሮጀክቱን አያፈርስም፤ ድርቅ ሁሉ ከፓስፊክ እንደማይመጣ የሚያሳይ ነጥብ ስለሆነ በግራፉ ላይ በግልጽ ይቀመጥ።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ላለው ጊዜ በእኛ ዓመት ላይ 8 ይደመራል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ግን 7። ክረምቱ መስከረምን ስለሚነካ ከ7 ወደ 8 መንሸራተት ቀላል ነው። ሥራውን በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን ትሥራና የእኛን ዓመት መጨረሻ ላይ፣ በግራፉ ጽሑፍ ብቻ ትጨምር።

የዝናቡን መረጃ በተመለከተ፣ «ቺርፕስ» የሚባለው የሳተላይትና የጣቢያ ድብልቅ መረጃ ከ1981 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ «ክላይሜት ኢንጂን» በተባለው ድረ ገጽ ለአንድ ቦታ ማውረድ ይቻላል። ወርሃዊውን ዝናብ ከወርሃዊው የኤል ኒኞ ዋጋ ጋር እንዳታወዳድር፤ ኢትዮጵያ ሐምሌ ላይ ዘንቦ ጥር ላይ መድረቁ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ለየዓመቱ አንድ ቁጥር ትያዝ፤ የጁን–ሴፕቴምበር ድምር ከጁን–ኦገስቱ ዋጋ ጋር።

አልገጠመም ያለችበት ምክንያት ግን ምናልባት የመላ አገሪቱን አማካይ ወስዳ ይሆናል። ኤል ኒኞ በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ክረምቱን ያሳንሳል፤ በ2015 (የእኛ 2007 ክረምት) ዋጋው 1.5 አካባቢ ነበር፤ ድርቁን ተከትሎ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ ርዳታ አስፈልጎታል። በደቡብ ምሥራቁ፣ በሶማሌና በቦረና በኩል ግን ዋናው ዝናብ ሌላ ወቅት ነው፤ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ያለው ዝናብ ደግሞ በኤል ኒኞ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይጨምራል። ሁለቱን ደምሮ አማካይ ማውጣት ምልክቱን ያጠፋል። አንድ ቦታ ከወሎ፣ አንድ ከቦረና ትውሰድና ለየብቻ፣ በየወቅታቸው ትሥራ።

ከ1981 እስከ 2020 ያሉት 40 ዓመታት ናቸው። በኤክሴል «ኮሬል» የምታገኘው ቁጥር ምልክቱ ምንም ይሁን መጠኑ ከ0.31 ካልበለጠ በተለመደው የ5 በመቶ መስፈርት የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። አሥር ዓመት ብቻ ከወሰደች ደግሞ 0.63 ማለፍ ይኖርባታል። ዳኞቹ መጀመሪያ የሚጠይቋት ይህንኑ ስለሚሆን የዓመታቱን ብዛት ከግራፉ ሥር ትጻፈው።