የሕግ ምክር፦ በሐራጅ የገዛሁት የድሮ መኪና ችግር ቢገኝበት መመለስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሰሜን ለንደን ነው። 26 ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። ከወጣትነቴ ጀምሮ የምመኘው አንድ መኪና አለ፤ ጄንሰን ኢንተርሴፕተር። አሁን አንድ የ1973 ሞዴል በሚቀጥለው ወር ሐራጅ ላይ ይወጣል። ግምቱ ከ45 እስከ 55 ሺህ ፓውንድ ነው። ያጠራቀምኩት 50 ሺህ አለኝ። ሻጮቹ የሟች ወራሾች ናቸው ተብሏል። ካታሎጉ 'ሞተሩ ከፋብሪካ የወጣበት ነው፣ ዝገት የለበትም ማለት ይቻላል' ይላል። በዕለቱ ሥራ ስላለኝ ከቤት ሆኜ በኢንተርኔት ልጫረት አስቤያለሁ። ከገዛሁት በኋላ ችግር ቢገኝበት መመለስ እችላለሁ? ሊብሬው በስሜ ከዞረ ባለቤት ሆንኩ ማለት ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ ለሐበሻ ሰርግ ባከራየውስ? ጡረታ ስወጣ ደግሞ አዲስ አበባ ይዤው መግባት እፈልጋለሁ።»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳላለሳልስ ልመልስ። ባሰቡት መንገድ ከገዙት፣ መመለስ አይችሉም ብለው ይነሱ። አንድ ጠባብ በር አለ። ግን በዚያ በር ለመግባት የሚያስፈልግዎትን ሁሉ ማዘጋጀት ያለብዎት የአጫራቹ መዶሻ ከመውደቁ በፊት ነው።

ይህንኑ መኪና ከነጋዴ ቢገዙት ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። የ2015ቱ የእንግሊዝ የሸማቾች መብት ሕግ ከነጋዴ የገዛ ሰው ጉድለት ካገኘ በ30 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን እንዲቀበል ይፈቅድለታል። የ50 ዓመት መኪና እንደ አዲስ መኪና አይመዘንም፤ ቢሆንም መብቱ አለ። ይኸው ሕግ ግን ያገለገለ ዕቃን በሕዝብ ሐራጅ የገዛን ሰው ከዚህ ጥበቃ ያወጣዋል። መስፈርቱ ሰው በአካል ተገኝቶ መጫረት ይችል ነበር ወይ የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። «እኔ እኮ በኢንተርኔት ነው የገዛሁት፣ 14 ቀን አለኝ» ይላሉ። አዳራሹ ለሕዝብ ክፍት ከነበረ፣ እርስዎ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ስልክ ቢጫኑም የገዙት በሕዝብ ሐራጅ ነው። የ14 ቀኑ መብት የሚሠራው አዳራሽ የሌለው፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚካሄድ ጨረታ ላይ ነው። ያውም ሻጩ ነጋዴ ከሆነ። የእርስዎ ሻጮች ወራሾች ናቸው። ስለዚህ በዚህም በዚያም አያገኙትም።

እንግዲህ ጠባቡ በር ይህ ነው። በ1979ኙ የዕቃ ሽያጭ ሕግ መሠረት፣ በመግለጫ የተሸጠ ዕቃ ከመግለጫው ጋር መግጠም አለበት። ይህ ሻጩ ነጋዴ ባይሆንም ይሠራል። በ1967ቱ ሕግ ደግሞ፣ እውነት ባልሆነ ገለጻ ተታሎ ውል የገባ ሰው ካሳ መጠየቅ ወይም ውሉን ማፍረስ ይችላል። የሐራጅ ቤቶች የሽያጭ ደንብ በበኩሉ «ባለበት ሁኔታ ተሽጧል፣ ለካታሎጉ ኃላፊነት አንወስድም» በሚሉ አንቀጾች የተሞላ ነው። እነዚህ አንቀጾች ሁልጊዜ አያድኗቸውም። ፍርድ ቤት አንቀጹ ምክንያታዊ ነው ወይ ብሎ ይመዝናል። ማጭበርበርን ደግሞ የትኛውም አንቀጽ አይሸፍንም። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ክርክር ነው። ክርክር ጊዜና ገንዘብ ይበላል።

አሁን የካታሎጉን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ይዘን እንያቸው። «ዝገት የለበትም ማለት ይቻላል» የሚለው ለሕግ ብዙም አይያዝም። የሰው አስተያየት ነው። «ማለት ይቻላል» የምትለዋ ቃል ለሻጩ ማምለጫ ናት። «ሞተሩ ከፋብሪካ የወጣበት ነው» የሚለው ግን ሌላ ነው። ወይ እውነት ነው ወይ ሐሰት ነው። በዚህ መኪና ላይ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ኢንተርሴፕተር ከ1966 እስከ 1976 በዌስት ብሮሚች የተሠራ የእንግሊዝ መኪና ቢሆንም ሞተሩ አሜሪካዊ ነው፤ ባለ 8 ሲሊንደር ክራይስለር። መጀመሪያ 6.3 ሊትር ነበር፣ በኋላ 7.2 ሊትር መጣ። ያው ዓይነት ሞተር ብዙ የአሜሪካ መኪና ላይ ተገጥሟል። ስለዚህ አንዱ ሲቃጠል ሌላ ፈልጎ መግጠም ቀላል ነበር። ኮፈኖውን ከፍተው በዓይን ቢያዩት ልዩነቱን አይለዩትም። የሚለየው ቁጥሩ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ በስልሳዎቹ የተሠራ ሌላ የእንግሊዝ መኪና በሐራጅ ገዛ። ከጨረታው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ አንዲት አጭር ኢሜይል ጽፎ ነበር፦ «ሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው?» መልሱም አጭር ነበር፦ «አዎ፣ አይተነዋል»። መኪናው ቤት ሲገባ መካኒኩ በባትሪ አብርቶ አነበበው፤ አንድ አይደለም። የሽያጭ ደንቡ በማምለጫ አንቀጽ የተሞላ ነበር። ያቺ የሁለት ቃል መልስ ባትኖር ኖሮ ምንም ልረዳው አልችልም ነበር። እሷን ይዘን ፍርድ ቤት ሳንገባ ከዋጋው የተወሰነውን አስመለስንለት። ሙሉውን አይደለም። ግን አስመለስን።

ስለዚህ እርስዎም ይጻፉ። በስልክ አይጠይቁ፣ ይጻፉ። የሻንሲው ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር መኪናው ላይ ታይተዋል ወይ? ሊብሬው ላይ ካሉት ጋር ይገጥማሉ? መኪናው ተጋጭቶ ያውቃል? ላሜራው መቼና የት ተሠራ? «አናውቅም» ብለው ቢመልሱም ጥሩ ነው፤ ዋጋዎን ዝቅ ለማድረግ ይረዳዎታል።

የዕይታ ቀን ላይ ግን በአካል ይሂዱ፣ ፈቃድ ወስደውም ቢሆን። የእነዚህን መኪኖች ጉድ የሚያውቅ መካኒክ ይዘው ይሂዱ፤ የጄንሰን ባለቤቶች ክበብ አለ፣ ደውለው ቢጠይቁ ሰው ይጠቁሙዎታል። ይህ መኪና ጠላቱ ዝገት ነው። በሩ ስር ያለውን ላሜራ፣ የፓራፋንጎውን ጠርዝ፣ ያ ትልቅ ክብ የኋላ መስታወት የተቀመጠበትን ዙሪያ ይዩ። ቀለሙን እንዳይጭር በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ይያዙ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ስር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። ምንጣፉን ገልጠው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ሞተሩን ሳይሞቅ እንዲያስነሱልዎት ይጠይቁ። ሕጉ «ብታየው ኖሮ ታውቀው ነበር» ለሚባለው ጉድለት ብዙም አያዝንልዎትም።

ወረቀቱንም እንደ መኪናው አድርገው ይመርምሩ። የድሮ መኪና ታሪኩ ገንዘብ ነው። በ1990 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት «ኦልድ ነምበር ዋን» ስለሚባል ቤንትሌይ የተነሳ ክርክር ሰምቶ ነበር። መኪናው በ1929 እና በ1930 የለ ማንን ውድድር ያሸነፈ ነው። በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጥ ከተስማሙ በኋላ ገዢው «ክፍሎቹ ተለዋውጠው አልቀዋል፣ ያ መኪና አይደለም» አለ። ዳኛው ግን ታሪኩ ሳይቋረጥ ስለመጣ ያው መኪና ነው ብለው ፈረዱ። የተቀየረ ክፍል ብቻውን መኪናውን ሌላ አላደረገውም። ስለዚህ የደረሰኝ ፋይሉን፣ የድሮ የምርመራ ወረቀቶችን፣ ፎቶዎችን ይዩ። የአሥር ዓመት ክፍተት ካለ በዚያ ጊዜ መኪናው የት እንደነበረ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። 50 ሺህ አለኝ ብለዋል። 50 ሺህ ድረስ መጫረት ግን አይችሉም። መዶሻው ከወደቀበት ዋጋ ላይ ሐራጅ ቤቱ የገዢ ኮሚሽን ይጨምራል፤ በኮሚሽኑ ላይ ደግሞ 20 በመቶ ቫት አለ። ኮሚሽኑ 15 በመቶ ነው እንበል። መዶሻው 50 ሺህ ላይ ቢወድቅ ኮሚሽኑ 7,500፣ ቫቱ 1,500፣ ጠቅላላው 59,000 ፓውንድ ይሆናል። 9 ሺህ ከየት ያመጣሉ? በ42 ሺህ ቢያሸንፉ ግን የሚከፍሉት 49,560 ነው። የእርስዎ ጣሪያ እሱ ነው። ማጓጓዣና ኢንሹራንስም አለና እኔ ከዚያም ዝቅ ባልኩ ነበር። ከመኪናው የጨረታ ቁጥር አጠገብ ትንሽ ምልክት ካለች ደግሞ ትርጉሟን ይጠይቁ። አንዳንዷ ምልክት በመኪናው ሙሉ ዋጋ ላይ ሌላ ቫት እንዳለ የምትናገር ናት።

ሐሳብዎን መቀየር የሚችሉት መዶሻው እስኪወድቅ ድረስ ብቻ ነው። ይህ የቆየ ሕግ ነው። በ1789 አንድ ሰው ልክ እንደኛ አረቄ ማውጫ ያለ ዕቃ ላይ 40 ፓውንድ ጠርቶ፣ አጫራቹ መዶሻውን ሳይመታ «ትቼዋለሁ» አለ። ፍርድ ቤቱም ይችላል አለ። መዶሻው ከተመታ በኋላ ግን ውል ነው። አልከፍልም ቢሉ፣ መኪናው ለሌላ በርካሽ ቢሸጥ ልዩነቱን እርስዎን ይጠይቁዎታል። በብዙ ሐራጅ ቤቶች ደንብ ከመዶሻው በኋላ መኪናው ላይ የሚደርስ አደጋም የእርስዎ ነው። ስለዚህ ኢንሹራንሱን አስቀድመው አዘጋጅተው ይጠብቁ።

ከቤት ሆነው መጫረትዎ የሚያሰጋኝ አንድ ነገር አለ። አጫራቹ ጨረታውን ሊከፍት ሲል አንዳንዴ «ካታሎጉ ላይ ያለው ይታረም» ይላል። «ሞተሩ ከፋብሪካ የወጣበት አይደለም» ሊል ይችላል። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ይሰማል። እርስዎ ኢንተርኔቱ ተቋርጦብዎት ወይ ልጅ ጠርቶዎት ካልሰሙ፣ ያ ማስተካከያ የመግለጫውን ጥያቄ ያበላሽብዎታል። በዕለቱ ጠዋት ማስተካከያ እንዳለ በጽሑፍ ይጠይቁ። የሚያምኑት ሰው አዳራሹ ውስጥ ቢኖርልዎት ደግሞ የተሻለ ነው።

ሊብሬውን በተመለከተ፣ አገር ቤት ሊብሬው የእኔ ነው ማለት መኪናው የእኔ ነው ማለት ነው ብለን ለምደናል። እዚህ እንደዚያ አይደለም። የእንግሊዙ ወረቀት ፊቱ ላይ ራሱ የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም ብሎ ይጽፋል። የሚያሳየው መኪናውን የሚይዘው ሰው ማን ተብሎ እንደተመዘገበ ነው። መኪናው የተሰረቀ ከሆነ ስምዎ ቢዞርም ባለቤቱ መጥቶ ሊወስደው ይችላል። በዱቤ ተገዝቶ ዕዳው ያላለቀ መኪናን በቅን ልቦና ለገዛ ግለሰብ ግን የ1964ቱ ሕግ ጥበቃ ይሰጠዋል። ለዚህ ሁሉ በጥቂት ፓውንድ የሚሠራ የዕዳና የስርቆት ማጣሪያ አለ፤ ያሠሩት። የእርስዎ ጉዳይ ላይ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን የውርስ ወረቀቱ ነው። «ወራሾች ነን» ማለት ብቻውን አይበቃም። የሟቹን ንብረት እንዲያስተዳድር ሥልጣን ያገኘው ማን እንደሆነ የሚያሳይ የፍርድ ቤት ሰነድ አለ ወይ ብለው ሐራጅ ቤቱን ይጠይቁ። ወንድምና እህት ተጣልተው አንዱ ብቻውን አውጥቶ የሸጠው መኪና ይዞት የሚመጣውን ጣጣ አይቻለሁ። መልካሙ ዜና፣ ሻጩ የመሸጥ መብት ሊኖረው ይገባል የሚለውን ግዴታ ምንም የሽያጭ ደንብ ሊሰርዘው አይችልም።

ስለ ሰርጉ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ሙሽሮች በዚያ መኪና ሲመጡ ማየት ያምራል። የ1973 መኪና ከ40 ዓመት በላይ ስለሆነው በታሪካዊ መኪና ምድብ ተመዝግቦ ከመንገድ ግብር ነፃ ይሆናል። ብዙ ካልተለወጠ ዓመታዊ ምርመራም፣ የእኛው ቦሎ ማለት ነው፣ አይጠየቅም። በለንደንም በቀን 12.50 ፓውንድ ከሚያስከፍለው የአየር ብክለት ክፍያ ነፃ ነው። የግብሩና የብክለት ክፍያው ነፃነት ግን ለግል መንጃ ነው። እያከራዩ ገንዘብ ከተቀበሉበት የንግድ ሥራ ነው፤ የግብር ነፃነቱ ይቀራል፣ የብክለት ክፍያውም ሊመጣብዎት ይችላል። ለሰርግ ብቻ የሚያገለግል መኪና የታክሲ ዓይነት ፈቃድ አያስፈልገውም። ኢንሹራንሱ ግን ሌላ ነው። ተራው የድሮ መኪና ኢንሹራንስ በክፍያ ሰው መጫንን አይሸፍንም። ሙሽራዋን ይዘው ቢጋጩ ያለ ኢንሹራንስ እንደነዱ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ለኩባንያው «ለሰርግ በክፍያ አከራየዋለሁ» ብለው ይንገሩና በጽሑፍ ያስፈቅዱ። ምርመራውንም ባይጠየቁም በየዓመቱ ያሠሩት፤ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት የሰው ልጆች ናቸው።

አዲስ አበባ ይዤው ልግባ ያሉት ደግሞ አሁን ባለው ሁኔታ አይሆንም። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። 7.2 ሊትር ቤንዚን ሞተር ያለው መኪና እዚያው ክልከላ ውስጥ ይወድቃል። ጡረታ እስኪወጡ ደንቡ ሊለወጥ ይችላል። መኪናውን ሲገዙ ግን እዚህ እንግሊዝ የሚቀር መኪና እንደሆነ ቆጥረው ይግዙት፤ መርከብ ላይ ከመጫንዎ በፊትም ከጉምሩክ የጽሑፍ መልስ ይያዙ።