ስለ ኅዳር በሽታ ለጠየቃችሁኝ

ኅዳር 12 ማታ ሰፈሩ በጢስ ሲታፈን «ይሄ ነገር ከምን የመጣ ነው?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ጢሱ ከኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ በሽታ ደግሞ ለዓመታት ሳነብ ኖሬያለሁ። የምችለውን ልመልስ። ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ የኅዳር በሽታና «የስፔን ጉንፋን» አንድ ናቸው?

አንድ ናቸው። በ1918 ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። እኛ ጋ የበረታው በኅዳር ስለሆነ በወሩ ተጠራ።

ታዲያ ከስፔን ነው የተነሳው?

አይደለም። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ አሜሪካ ሁሉም ጦርነት ላይ ነበሩ። ጋዜጦቻቸው በሳንሱር ተይዘዋል። «ወታደራችን ታመመ» ብሎ መጻፍ ለጠላት ምስጢር እንደመስጠት ይቆጠር ነበር። ስፔን ግን ገለልተኛ ነበረች። ጋዜጦቿ በግልጽ ጻፉ። ንጉሡ አልፎንሶ 13ኛ ሲታመሙማ ወሬው ዓለምን ዞረ። እውነቱን የተናገረችው አገር ስሙ ተለጠፈባት። ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል።

መነሻውን ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል። ቀድሞ ከተመዘገበባቸው ቦታዎች አንዱ ግን ካንሳስ ውስጥ ያለ ካምፕ ፈንስተን የሚባል የአሜሪካ ጦር ሰፈር ነው፤ ማርች 1918።

ጦርነቱ ባይኖር ይህን ያህል ሰው ያልቅ ነበር?

አይመስለኝም። የመጀመሪያው ዙር ቀላል ነበር፤ ብዙው ሰው ሦስት ቀን ተኝቶ ይነሳ ነበር። ገዳዩ ዙር ኦገስት ላይ መጣ። ፈረንሳይ ብሬስት፣ ሴራሊዮን ፍሪታውን፣ አሜሪካ ቦስተን። ሦስቱም የጦር መርከብ የሚመላለስባቸው ወደቦች ናቸው።

አስቡት እስቲ። በደህናው ጊዜ ክፉኛ የታመመ ሰው ቤቱ ይተኛል፤ ቀለል ያለው ነው ወጥቶ የሚያስተላልፈው። በጦርነቱ ነገሩ ተገለበጠ። ክፉኛ የታመመው ወታደር በተጨናነቀ ባቡር ተጭኖ፣ በሰው ወደተሞላ ሆስፒታል ይወሰድ ነበር። ብርቱው በሽታ ራሱ መጓጓዣ አገኘ ማለት ነው።

ፊላደልፊያንም እዩ። ሐኪሞች «ሰው አትሰብስቡ» እያሉ፣ ለጦርነቱ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሴፕቴምበር 28 ቀን ትልቅ ሰልፍ ተደረገ። 200,000 ሰው ወጣ። በቀናት ውስጥ ሆስፒታሎቹ ሞሉ። በስድስት ሳምንት ከ12,000 በላይ ሰው ሞተ።

ወጣቶች ናቸው የሞቱት የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ጉንፋን የሚበረታው በሕፃንና በሽማግሌ ነው። ይሄ ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ለይቶ መታ። አንዱ ምክንያት የገዛ ሰውነታቸው መከላከያ ከልክ በላይ ተቆጥቶ ሳንባቸውን መጉዳቱ ነው ይባላል። የታማሚው ከንፈርና ጆሮ መጀመሪያ ይጠቁራል፤ ከዚያ ፊቱ በሙሉ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። አየር አጥሮት ነው። ብዙዎቹን የጨረሳቸው ተከትሎ የመጣው የሳንባ ምች ነበር። ለሳንባ ምች የሚሆነው መድኃኒት ፔኒሲሊን የተገኘው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ቫይረሱ ራሱ ከሰው ተለይቶ የታወቀው በ1933 ነው።

ኢትዮጵያ ጦርነቱ ውስጥ አልነበረችም። እንዴት ደረሰብን?

አልነበረችም፤ መንገዱ ግን ክፍት ነበር። የጅቡቲ ባቡር ገና በ1917 አዲስ አበባ መግባቱ ነው። ወደብና ባቡር ባለበት ይሄ በሽታ የሚቀር አልነበረም።

ቀኑን ልብ በሉልኝ። አውሮፓ ደወል እየደወለ «ጦርነቱ አበቃ» ያለው ኖቬምበር 11 ነው። በእኛ ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያው ወር አዲስ አበባ ሬሳ ትቀብር ነበር። መቃብር የሚቆፍር ሰው ጠፋ። በአንድ ጉድጓድ ብዙ ሰው ተቀበረ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ክፉኛ ታመው ለጥቂት ተረፉ። እሳቸው በኋላ እንደጻፉት በከተማዋ ከ10,000 በላይ ሰው አልቋል። ለዚያን ጊዜዋ ትንሽ አዲስ አበባ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ገምቱት። በዓለም ደረጃ 50 ሚሊዮን ገደማ የሚል ግምት አለ።

ያመለጠ አገር አለ?

ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው የአሜሪካዋ ሳሞአ። ወደቧን ዘጋች፤ አንድም ሰው አልሞተባትም። ጎረቤቷ ምዕራብ ሳሞአ ታሉን የምትባለውን መርከብ ተቀበለች። ከሕዝቧ ከአምስት አንዱ አለቀ።

ጢሱ በሽታውን ያባርር ነበር?

አያባርርም፤ በትንፋሽ የሚተላለፍ ነገር ነው። ሳንባ የሚያስቸግራችሁማ እባካችሁ ከጢሱ ራቁ። ግን ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ ተጠርጎ ይወጣል፣ ጎረቤት ደጅ ላይ ይገናኛል፣ ያለቁትም ይታወሳሉ። አያቴ ቅጠሉን እየቆሰቆሰች «ይሄ የእነሱ ነው» ትል ነበር። እነማን እንደሆኑ ሳልጠይቃት ሞተች።

ከቤተሰቤ በዚያ በሽታ የሞተ ካለ እንዴት አውቃለሁ?

እህቴ፣ ትልልቆቹን ዛሬውኑ ጠይቂ። ዓመተ ምሕረት አትጠይቂያቸው፤ አያስታውሱትም። «ወላጆቻችሁ የኅዳር በሽታ ጊዜ የት ነበሩ? ማን ተረፈ? ማንን ማን አሳደገ?» በያቸው። በአክስት ወይም በአያት እጅ ያደገ ልጅ ስም ከተነሳ፣ እዚያ ጋ ቆም ብለሽ አዳምጪ።