ላፕቶፑን ከመቀየርሽ በፊት

እህቴ፣ በቤትሽ ክራር ተጫዋች ስትቀርጪ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ አንዳንዴም የመቅረጫው ፕሮግራም በራሱ እየተዘጋ እንዳስቸገረሽ ጽፈሻል። ተበድሬ አዲስ ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ የድምፅ ሙያውን ልተወው ብለሽም ጠይቀሻል። ሁለቱንም ለጊዜው አቆዪው። ብልሽት ፈልጎ ማግኘት ልትቀጠሪበት የምትመኚው ሥራ ትልቁ ክፍል ነው።

መቆራረጡና መዘጋቱ የተለያዩ ችግሮች ስለሆኑ አትደባልቂያቸው። ድምፁ የሚቆራረጠው ኮምፒውተሩ በጊዜ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ድምፁን ባፈር በሚባል ቋት እያጠራቀመ በየጥቂቱ ያስተናግደዋል፤ በሰከንድ 48,000 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) እየቀረጽሽ ባፈሩ 128 ሳምፕል ከሆነ፣ ለአንዱ ዙር ያለው ጊዜ 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት የዋይፋይ ድራይቨር (ዋይፋዩን የሚያሠራው ፕሮግራም) መሐል ከገባ ያ የምትሰሚው «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይፈጠራል። ስለዚህ ዋይፋዩን አጥፊ። ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ አቅሙን ሊቀንስ ስለሚችል ሶኬት ላይ ሰክተሽ ቅረጪ። ባፈሩን 256 አድርጊው፤ ኮምፒውተሩ ጊዜ ያገኛል፣ ድምፁ ግን ወደ ተጫዋቹ ጆሮ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። መዘግየቱ ካስቸገረው ኦዲዮ ኢንተርፌሱ (ማይክሮፎኑን ከላፕቶፑ የሚያገናኘው መሣሪያ) ላይ ያለውን ቀጥታ ማዳመጫ ክፈቺለት። ሚክሲንግ (የተቀረጹትን ድምፆች ማመጣጠንና ማዋሃድ) ስትሠሪ ግን 1024 ብታደርጊው የሚቸገር ሰው የለም። ኮምፒውተርሽ ዊንዶውስ ከሆነ፣ ላተንሲሞን የተባለው ፕሮግራም የሚያዘገየውን ድራይቨር በስሙ ያሳይሻል።

ፕሮግራሙ በራሱ ሲዘጋ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፕለጊን (በመቅረጫው ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ነው፤ በተለይ ከሰው ፍላሽ የተገለበጠ፣ ፈቃድ የሌለው። ግማሾቹን አውጥተሽ ሞክሪ፤ ካልተዘጋ ጥፋተኛው ካወጣሻቸው መካከል ነው። እንደዚያው እየከፈልሽ አንዱ ላይ ትደርሻለሽ። ሁሉንም አውጥተሽም ከተዘጋ የላፕቶፑን ሜሞሪ (ራም) አስመርምሪ፤ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ እሱን ብቻ መቀየር ከአዲስ ላፕቶፕ በብዙ ይረክሳል።

አንድ ነገር አደራ የምልሽ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ ውጤቱንም በደብተር ጻፊ። «ባፈር 128፣ ዋይፋይ በርቶ፣ 10 ደቂቃ፣ ስንት ጊዜ ተቆረጠ» እያልሽ። በአንድ ስቱዲዮ የቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ተገኝቼ አውቃለሁ። ጠያቂው የፕሮግራም ስም አላስቆጠረም፤ «ዘፋኙ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ ድምፁ ቢጠፋ በመጀመሪያ ምን ትነካለህ?» አለ። ብዙዎቹ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራለሁ ሲሉ፣ ከገመዱ ጀምሮ በቅደም ተከተል የዘረዘረው ልጅ ተቀጠረ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ የጻፍሽውን ገጽ ላኪልኝ። የሥራ ማመልከቻሽን ከእሱ ተነስተን እንጽፈዋለን።