መልስ፦ ማታ ማታ የሚያቃጥል ቃር የብዙ ሰው ነው?

አብሽሪ እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። ከደሴ ሆነሽ «ማታ ማታ ደረቴን የሚያቃጥለኝ ቃር ሌላውም ሰው ላይ አለ? ምንስ ያባብሰዋል?» ብለሽ ጠይቀሻል። በዓለም ላይ ከ100 አዋቂዎች 13 ያህሉ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይሰማቸዋል።

የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ በር የሚዘጋ ጡንቻ አለ። እሱ ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። ውፍረት አንዱ ዋና ምክንያት ነው። ቦርጭ ጨጓራን ይጫነዋል። እርግዝናም እንደዚያው። ሲጋራ ደግሞ በሩን ያላላዋል።

እኔ በደንብ ያየሁት እናቴ ላይ ነው። በረመዳን ሳምቡሳዋን በልታ፣ ቡናዋን ጠጥታ ወዲያው ጋደም ትል ነበር። ሌሊቱን ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ ታነጋለች። ያሳዝነኝ ነበር። ከበላች በኋላ 3 ሰዓት ያህል ሳትተኛ መቆየት ጀመረች። የአልጋዋንም ራስጌ በጣውላ ከፍ አደረግንላት። ትራስ መደራረብ ያን ያህል አልረዳትም፤ ጣውላው ግን አሳረፋት።

ምግብ መዋጥ ካስቸገረሽ፣ ሳታስቢው ከከሳሽ ወይም ሰገራሽ እንደ ከሰል ከጠቆረ ግን ዛሬ ነገ ሳትይ ሐኪም ጋ ሂጂ።