ሙዚየም መሥራት ለምትፈልጊው፦ መጋዘኑ ይቅደም

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው። የታሪክ ተማሪ ነሽ፣ ልትመረቂ ነው፣ ሙዚየም ውስጥ መሥራት ትፈልጊያለሽ። ጓደኞችሽ ግን «ሰው ሁሉን ነገር ስልኩ ላይ እያየ ማን ሙዚየም ይሄዳል?» እያሉ ያስፈሩሻል። አንቺም ግራ ገብቶሽ የቨርቹዋል ሪያሊቲ (በመነጽር የሚታይ የኮምፒውተር ዓለም) ኮርስ ልትጀምሪ ነው፤ ያዋጣኛል ወይ ነው የምትይው።

አያዋጣሽም። ቢያንስ አሁን አያዋጣሽም።

ዛሬ የምትማሪው ሶፍትዌር ሥራ እስክትይዢ ሊያረጅ ይችላል። ይሄ ዕቃ ምንድን ነው፣ ከየት መጣ፣ ማን ሰጠው፣ አሁን የትኛው መደርደሪያ ላይ ነው የሚለውን አጣርቶ የሚጽፍ ሰው ግን ሁሌም ይፈለጋል። ሥራው አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርሽ። ለንደን ያለው ብሪቲሽ ሙዚየም 8 ሚሊዮን ያህል ዕቃ አለው። ለእይታ የቀረበው ግን 80 ሺህ ገደማ ነው፣ ከመቶ አንድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 2,000 የሚሆኑ ዕቃዎች እንደተሰረቁ፣ እንደጠፉ ወይም እንደተጎዱ ሙዚየሙ ራሱ አመነ። ትንንሽ ጌጣጌጦችና የከበሩ ድንጋዮች ናቸው፣ ብዙዎቹም በአግባቡ ያልተመዘገቡ። ያልተመዘገበ ዕቃ ሲጠፋ ደግሞ መጥፋቱን ማወቅ ራሱ ያስቸግራል፤ ገበያ ላይ ቢገኝ እንኳ የኛ ነው ብሎ ማስረዳት ሌላ ጣጣ ነው። በዚያው ዓመት ሙዚየሙ ስብስቡን በሙሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ኦንላይን አወጣለሁ አለ። የሚጨመሩትና የሚስተካከሉት መዝገቦች 2.4 ሚሊዮን ናቸው። እስቲ አስቢው፣ ይሄን ሁሉ ማን ቁጭ ብሎ ይሠራዋል?

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሠራዋል ትይኝ ይሆናል። መግለጫ አሳምሮ ይጽፋል፣ እሺ። ማንም መዝግቦት የማያውቀውን ነገር ግን ከየት ያመጣዋል?

የብራዚሉ የሪዮ ዴ ጄኔሮ ብሔራዊ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2018 ሲቃጠል 20 ሚሊዮን ገደማ ዕቃ ነበረው፤ አብዛኛው አመድ ሆነ። ያኔ የሙዚየም ሙያ ተማሪዎች፣ ልክ እንዳንቺ ገና ሥራ ያልያዙ ልጆች፣ ጎብኚዎች በየስልካቸው ያነሷቸውን ፎቶዎች እንዲልኩላቸው ሕዝቡን ለመኑ። ከቃጠሎው በፊት ስካን የተደረጉ ዕቃዎች ደግሞ መረጃቸው ስለተረፈ ቅጂ ሊሠራላቸው ቻለ። ዲጂታል ነገር መማርሽ ካልቀረ እንግዲህ ይሄን ተማሪ፤ የዕቃ ፎቶ አነሳስ፣ ስካን፣ የዳታቤዝ አያያዝ።

ላንቺ ለታሪክ ተማሪዋ ግን ከሁሉም የሚሻል በር አለ፤ «ይሄ ዕቃ የማን ነበር?» የሚለው ጥናት። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1892 ጦሯ ዛሬ ቤኒን በምትባለው አገር ካለው ከአቦሜ ቤተ መንግሥት የዘረፋቸውን 26 ቅርሶች በ2021 ለቤኒን መለሰች። በዓመቱ ጀርመን 20 «የቤኒን ነሐሶች» የሚባሉ ጥንታዊ የጥበብ ሥራዎችን ለናይጄሪያ አስረከበች (ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ እነዚህ የመጡት ዛሬ ናይጄሪያ ውስጥ ካለው ከጥንቱ የቤኒን መንግሥት ነው፣ ፈተና ላይ እንዳትሳሳቺ)። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲነሳ የቆየ ደብዳቤ፣ ደረሰኝና የእጅ ጽሑፍ አገላብጦ ማንበብ የሚችል ሰው ይፈለጋል፤ ያ ደግሞ ያንቺ ትምህርት ነው።

«ማን ይሄዳል» ለሚሉሽ ጓደኞችሽ፦ ኔዘርላንድስ፣ ሮተርዳም ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 የተከፈተ ዲፖ የሚባል የሙዚየም ሕንፃ አለ። መጋዘን ነው፣ በቃ። 151 ሺህ ያህል የጥበብ ሥራዎች ይቀመጡበታል። ሰው ትኬት ቆርጦ ይገባና ዕቃው እንዴት እንደሚቀመጥና እንደሚጠገን ያያል።

ደሞዙን በተመለከተ፣ ብዙ አትጠብቂ። ክፍት ቦታም እንደ ልብ አይገኝም። ለዚህም ነው የምዝገባውን ሙያ የምገፋብሽ፤ ሙዚየም ባይሳካ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይፈልጉታል።

አሁን የምታደርጊው ይሄ ነው። ትንሽም ቢሆን አንድ ሙዚየም ሂጂና በነፃ ላገልግል በይ፤ አስጎብኚ አድርጉኝ ሳይሆን መጋዘን አስገቡኝ በይ። ይገረማሉ፣ ማንም እንደዚያ ብሎ አይጠይቅማ። ከዚያ ሃያ ዕቃ ተረከቢ። የእያንዳንዱን መጠን፣ የተሠራበትን ነገር፣ ያለበትን ሁኔታ፣ የመጣበትን መንገድ ጻፊ፣ ፎቶም አንሺ። ያላወቅሽውን «አልታወቀም» ብለሽ ተዪው፣ በግምት እንዳትሞዪው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ ከዲግሪሽ ጋር እሱን ይዘሽ ግቢ። የመጀመሪያዎቹን አምስቱን ስትጨርሺ ለኔም ላኪልኝ፣ አርሜ እመልስልሻለሁ።