14 ሳምንት ይበቃኛል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን የድሮ ማስታወሻ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። በዓመቱ መጀመሪያ «ዘንድሮ ማራቶን እሮጣለሁ» ብለሽ ተመዘገብሽ። ከዚያ ሥራው፣ ጉንፋኑ፣ የቤቱ ጣጣ ተደራረበና ወራቱ ሄዱ። አሁን 14 ሳምንት ቀርቶሻል። እስካሁን በአንድ ጊዜ የሮጥሽው ረጅሙ 12 ኪሎ ሜትር ነው። የያዝሽው የ20 ሳምንት ፕሮግራም ስድስት ሳምንቱ ሳይነካ አልፏል። «ያለፈኝን እያካካስኩ ልድረስበት ወይስ ልተወው?» ነው ያልሽው።

እኔ ብሆን ሁለቱንም አላደርግም። አሰልጣኝ አይደለሁም፣ ግን ይቺን ስህተት በደንብ ሠርቻታለሁ።

በመጀመሪያ ሙከራዬ አራት ሳምንት አምልጦኝ ነበር። ሂሳብ እንደሚያወራርድ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። የቀረብኝን ኪሎ ሜትር ደመርኩ፣ ለቀሩት ሳምንታት አከፋፈልኩት። ረጅሙ ሩጫዬ በአንድ ሳምንት ከ15 ወደ 22 ኪሎ ሜትር ዘለለ። የሚገርመው ቀለለኝ! ትንፋሼ ደህና ነበር። «ይኸው፣ ይቻላል» ብዬ ተኩራራሁ። በሦስተኛው ሳምንት ቅልጥሜ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ አንዲት ቦታ በጣት ስትነካ የምታዘልል ሆነች። ሲሞቀኝ ይተወኝ ስለነበር ቀጠልኩ። መጨረሻ ላይ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ሐኪሙ አጥንቱ ሊሰነጠቅ ጫፍ ላይ ነው አለኝ። ስምንት ሳምንት ሩጫ የለም። የውድድሩን ቀን መንገድ ዳር ቆሜ፣ የጓደኛዬን ጃኬት ይዤ ሳጨበጭብ ዋልኩ።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሩጫ ስታቆሚ መጀመሪያ የሚቀንሰው የደም ፈሳሽ ነው፤ ያውም በቀናት ውስጥ። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ መውረድ ይጀምራል። ስትመለሺ ግን እነዚህ ቶሎ ነው የሚመለሱት። አጥንትና ጅማት ግን ዘገምተኞች ናቸው፤ ለአዲስ ጫና ለመጠንከር ወራት ይፈልጋሉ። በተለይ አጥንት ጫና ሲበዛበት መጀመሪያ ያረጀውን ክፍል ያፈርሳል፣ አዲሱን የሚገነባው ከዚያ በኋላ ነው። በመሃል ደካማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እኔ ትንፋሼን አምኜ ልክ በዚያ ሰዓት ነው ጭነት የጨመርኩበት። ትንፋሽሽ «እችላለሁ» ሲልሽ ቅልጥምሽን ሳትጠይቂ አትመኚው።

«አበበ ቢቂላስ?» የሚል አይጠፋም። እኔንም ብለውኛል። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ አምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸንፏል። ግን ያ ሰው ከአራት ዓመት በፊት ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈ ነው። አጥንቱም ጅማቱም በዓመታት ሥራ የተገነባ ነበር። እሱ ያጣው ሳምንታት ነው፣ እኛ ገና መሠረት እየጣልን ነው። አይገናኝም።

ስለዚህ ያለፉትን ስድስት ሳምንታት ዕዳ አታድርጊያቸው። የ20 ሳምንቱን ወረቀት ጣዪውና ከውድድሩ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሪ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ሩጫውን እያሳጠርሽ የምታርፊባቸው ናቸው፣ ለሌላ ነገር አይነኩም። የሚቀርሽ 11 ነው። ከ11ዱ ሁለቱ ቀለል የሚሉ ይሁኑ። እኔ በሁለተኛው ዓመቴ ረጅሙን ሩጫ ከ14 ኪሎ ሜትር ጀመርኩ፣ ከዚያ 16፣ ከዚያ 18። አራተኛው ሳምንት ላይ ወደ 13 ወረድኩ። ቀጥሎ 20፣ 22፣ 24 ሄድኩና ስምንተኛው ላይ እንደገና ወደ 16 ተመለስኩ። ከዚያ 26፣ 28፣ 30። አለቀ። ከ30 በላይ አልሮጥኩም፣ የማራቶኑን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ለማወቅ 42 መሮጥ አያስፈልግም። አንቺ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ የሚወስድብሽ ከሆነ ርቀቱን ተዪውና ሰዓቱ ሲሞላ አቁሚ። ከዚያ በላይ ያለው ከጥቅሙ ድካሙ ይበዛል።

ከረጅሙ ሌላ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት አጭር ሩጫ ይበቃል። ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ፈጠን በዪበት። የቀረው ሁሉ ሶምሶማ ነው፣ ዱብ ዱብ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራሽ መሮጥ ካልቻልሽ ፈጥነሻል ማለት ነው። ይሄንን የሚያከብር ሰው ግን አላየሁም፣ እኔንም ጨምሮ። በዝግታ መሮጥ ያሳፍራል መሰለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጥያቄሽ ውስጥ «ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም» የሚል ነገር አለ። እኔ እንዴት እንዳለፈብኝ አውቃለሁ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ነው ያለፈብኝ። ፕሮግራሜ ማክሰኞ ማታ ሩጫ ይላል። ማክሰኞ ማታ ደግሞ ሁሌ ስብሰባ ይረዝማል። እያንዳንዱን ማክሰኞ እንደ ልዩ አጋጣሚ ነበር የማየው። «ዛሬ ብቻ ነው» እያልኩ 11 ማክሰኞ አለፈ! አንድ ቀን የቀን መቁጠሪያዬን ወደ ኋላ ገልጬ ስቆጥር ነው የደነገጥኩት። ችግሩ ስንፍና አልነበረም፣ የማይሆን ቀን መምረጥ ነበር። ማክሰኞን ትቼ ረቡዕ ጠዋት አደረግኩት፣ በቃ ተፈታ።

አንቺም የትኛው ቀን እንደሚበላብሽ እዪ። ከሳምንቱ ውስጥ ማንም የማይነካብሽን ሦስት ቀን ብቻ ያዢ። አምስት ቀን አቅደሽ ሁለት ከመሮጥ፣ ሦስት አቅደሽ ሦስት መሮጥ ይሻላል። ለክፉ ቀን ደግሞ የ20 ደቂቃ ሕግ ይኑርሽ። ጊዜ ካጣሽ 20 ደቂቃ ሮጠሽ ተመለሺ። 20 ደቂቃ አቅም አይገነባም ይሉኛል፣ ልክ ናቸው። ግን ነገ ሩጫውን ጨርሶ እንዳትተዪው ያደርግሻል። ያለፈው አለፈ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት 14 ሳጥን ብቻ ይኑረው። የተዘለለ ሳምንት ካለ ባዶውን ተዪው፤ የሚቀጥለው ሳምንት ላይ አትጫኚው። ከሁለት ሳምንት በላይ ካመለጠሽ ደግሞ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ጀምሪ።

ስለ ጉልበት አጠር አድርጌ። ሰው ሲሮጥ በአንድ ኪሎ ሜትር በኪሎ ክብደቱ አንድ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። 65 ኪሎ ከሆንሽ ለማራቶን 2,700 አካባቢ ማለት ነው። በጡንቻና በጉበት የሚከማቸው የካርቦሃይድሬት ስንቅ ግን 2,000 አካባቢ ነው። ቀሪውን ስብ ይሸፍናል፣ ግን ስብ ቀርፋፋ ነዳጅ ነው። ብዙ ሰው ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ እግሩ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ እየሮጥሽ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ አለብሽ፣ በጄልም (እየሮጡ የሚዋጥ ዝልግልግ ጣፋጭ) ሆነ በመጠጥ። ሆድሽ የሚቀበለውን በረጃጅሞቹ ሩጫዎች ላይ ሞክሪ። በውድድሩ ቀን አዲስ ነገር መሞከር «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ነው። ውሃም ሲጠማሽ ጠጪ፣ ከመጠን በላይ አትጋቺ። ብዙ ውሃ በደም ያለውን ሶዲየም አቅጥኖ ለአደጋ ያደርሳል።

አሁን የማትወጂውን ልንገርሽ። ሰባተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ያለ ሕመም መሮጥ ካልቻልሽ ወደ ግማሽ ማራቶኑ ቀይሪ፣ ካልተቻለም ለሚቀጥለው አስተላልፊው። ድካም ሌላ፣ ሕመም ሌላ ነው። ሁለቱም እግር ላይ የተሰራጨ ድካም በሁለት ቀን ይለቃል። በአንድ ጣት ልታሳዪው የምትችዪው፣ አንድ ቦታ ላይ የተተከለ ሕመም ካለ ግን ሩጫው ይቆማል። በዚህ ነገር አልደራደርም።

በሁለተኛው ዓመት እንዴት ሆንክ ትዪኝ ይሆናል። በ4 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ጨረስኩ። የመጀመሪያውን ግማሽ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ፣ ሁለተኛውን በ2 ሰዓት ከ33። ልዩነቱን አየሽው? ከማረፊያው ሳምንታት በኋላ እግሬ ቀሎኝ ነበርና መነሻው ላይ የሰው ሁካታ ወሰደኝ። 33ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሂሳቡን አስከፈለኝ። የመጨረሻውን ስምንት ኪሎ ሜትር ግማሹን በእርምጃ ነው የሄድኩት። የመጀመሪያዎቹን አምስት ኪሎ ሜትሮች ሰው እየቀደመሽ «ኧረ እንዲህ ልንቀረፈፍ?» እስክትዪ ድረስ ያዝ አድርጊያቸው።

በማረፊያዎቹ ሦስት ሳምንታት የሩጫ ቀናትሽን አትቀንሺ፣ ርዝመቱን ቀንሺ። 20፣ ከዚያ 13፣ ከዚያ ውድድሩ። በዚያ ሰሞን እግር ይከብዳል፣ ጉልበት ያማል ይመስላል፣ ያልሮጥሽው ሁሉ ትዝ ይልሻል። ሌሊት ተነስተሽ «አንድ 25 ልጨምር» የምትዪውም ያኔ ነው። ተመልሰሽ ተኚ።

እስከዚያው ሁለት ነገር ጻፊልኝ። በሳምንት ስንት ቀን ማንም የማይነካብሽ አለ? ጫማሽስ ስንት ኪሎ ሜትር ሮጧል? ለውድድሩ አዲስ ልትገዢ ካሰብሽ አሁን ግዢው፣ በሰባተኛው ሳምንት 24ቱን በእሱ ሩጪውና እንዴት እንደሄደ ንገሪኝ።